ሕፃናትን ከቢርካ አደጋ ስለ መጠበቅ



ሐርጌሳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ማሮዲ ጄሕ የሚባለው ወንዝዋ ዝናም ሲጥል ብቻ ይሞላል። ስለዚህ ሰዉ የዝናሙን ውኃ በምድር ቆፍሮ በሲሚንቶ በለሰነው ቢርካ ያጠራቅማል። የቢርካው ግድግዳ ቀጥ ያለና ልሙጥ በመሆኑ፣ የወደቀ ሕፃን ተንጠላጥሎ ለመውጣት አይቻለውም። ብዙዎች አፉን በእሾህ ቅርንጫፍ ይከድኑታል፤ ይህ ግን የሚከለክለው ፀሐይን እንጂ ሕፃንን አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ እ.አ.አ. በ2021 ዓ.ም. 300,000 ያህል ሰዎችን ውኃ በልቷቸዋል። ከእነዚህም ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። የሚሰጥም ሕፃን ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ ድምፁን የምትጠብቅ እናት ሳትሰማ ትቀራለች።

እንግዲህ ባለቤቱ ለቢርካው የሚቆለፍ ክዳን ያብጅለት፤ ዙሪያውንም ይጠር። ሁሉም ያየዋል የተባለን ልጅ ማንም አያየውምና ጠባቂው ማን እንደ ሆነ ተለይቶ ይታወቅ።

ልጅ ቢወድቅ ዋና የማያውቅ ሰው ተከትሎት አይግባ። አፉ የተከደነ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስሮ ይወርውርለት። ለመያዝ አቅም ለሌለው ሕፃን ግን ዋናተኛ ገመድ በወገቡ ታጥቆ ይውረድ። የወጣው ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያው በአፉ ትንፋሽ ይሰጠው፤ ደረቱም ይጫን። ውኃው ይውጣለት ብሎ ልጁን መዘቅዘቅ የቆየ ልማድ ቢሆንም ጊዜ ያባክናል እንጂ አያድንም።