ለመንዝ ደጋ የምትገዛ መኪና
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የሚሠራ መሐንዲስ ትንሽ፣ ሣጥን መሰል ስቴሽን ዋገን ለመግዛት ሲያስብ ከዋጋው አስቀድሞ መሬቱን ማጤን ይገባዋል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ፈተናው የፍሬን ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። ስለዚህ ገዢው የሚያመዛዝነው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪናን ከአገር ውስጥ ካገለገለ የነዳጅ መኪና ጋር ነው። የኤሌክትሪኩ ሞተር አየር ስለማይሻ ከፍታው አይበግረውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን በከፊል መልሶ ይሞላል። ሆኖም ብርዱ የሚጓዘውን ርቀት ያሳጥርበታል፤ ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለት ከጀመረም ሸክሙ ሁሉ በተራው ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ያገለገለውን የሚመርጥ ሰው በቀለሙ አይታለል። የሻንሲውን ዝገትና ብየዳ፣ የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን፣ የፍሬኑን ሸራና ቱቦ አስፈትሾ፣ መኪናውን ጭኖ ዳገት ላይ ይሞክረው። መሐንዲስ ለድልድይ የማይፈቅደውን ግምት፣ ቤተሰቡን ለሚያሳፍርበት መኪና ሊፈቅድ አይገባውም።