ሻንጣው ሲፈታ
(ለውጭ አገር ሥራ በሚዘጋጁ ሠራተኞችና በሚልኳቸው ምእመናን ፊት የተደረገ ንግግር)



ስለ ሁለት ዓመት የናይሮቢ ኑሯችን እንድንናገር ስለ ጋበዛችሁን እናመሰግናለን። ስለ ፕሮጀክት ሥራ ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ ቤት ነው፤ ይኸውም አንዱ ለሥራ ሲላክ አብሮት ስለሚሄደው የትዳር ጓደኛ ነው።

ስንነሣ «ሁለት ዓመት ምን አላት? ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ነው» ብለን ነበር። ናይሮቢም ሩቅ አልመሰለችንም። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ለአዲስ አበባ ሰው አይከብድም። እኛን የከበደን ሌላ ነገር ነበር።

ከሁለታችን አንዱ በደረስን ማግስት ቢሮ ገባ። ጠረጴዛም፣ ባልደረቦችም፣ የሚጠብቀው ሥራም ነበረው። ሌላዋ በአገሯ 12 ዓመት በነርስነት ያገለገለች ናት። እዚያ ግን የተሰጣት ወረቀት የጥገኛ ፈቃድ ነበር። በኬንያ ሕግ በዚህ ፈቃድ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት አይቻልም፤ ለሥራ ሌላ ፈቃድ፣ ለነርስነትም በሙያው ምክር ቤት መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን ያወቅነው ከደረስን በኋላ ነው። «ጥገኛ» የሚለው ቃል በአማርኛችን እንዴት እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። ለታክሲ እንኳ ገንዘብ መጠየቅ ግድ ሆነባት።

ልጃችንም መስከረም ላይ አዲስ ክፍል እጀምራለሁ ብሎ ሲሄድ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ደረሰ። በዚያ አገር የትምህርት ዓመት የሚጀምረው በጃንዋሪ፣ በእኛ ገና ሰሞን ነውና።

«ልንመለስ አይደል?» እያልን ሁለት ሻንጣ ሳንፈታ ሦስት ወር ከአልጋ ሥር አስቀመጥን። አንድ ማታ ከቢሮ የመጣው «ቀኑን ሙሉ ቤት ውለሽ ምን ያደክምሻል?» አለ። መልስ አላገኘም። እራቱ ሳይበላ ተነሣ። ያን ቃል ዛሬም ስናስታውሰው ያሳፍረናል።

በማግስቱ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ ሦስት ነገርም ተስማማን። አንደኛ፣ ደመወዙ ሲመጣ የቤቱ ገንዘብ በእሷ እጅ እንዲሆን፤ ሁለተኛ፣ ቅዳሜን አብረን ገበያ እንድንወጣ፤ ሦስተኛ፣ ሻንጣዎቹ በዚያው ቀን እንዲፈቱ። መጋረጃችን ተሰቀለ፤ የቡናው ረከቦትም ወጣ።

የቡናውን ሽታ ተከትላ ጎረቤታችን መጣች። ስዋሂሊ ያስተማረችን እሷ ናት። ቋንቋው እንደ ፈራነው ባዕድ አልነበረም። ሳህንን ሳሃኒ፣ ስኳርን ሱካሪ፣ ሳሙናን ሳቡኒ ይሉታል። ሰዓት የሚቆጥሩትም እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ በእንግሊዝኛ ሰባት የሚባለውን ጠዋት እነሱም አንድ ሰዓት ይላሉ። ጎመን መሥራትም አሳየችን። ስሙ ሱኩማ ዊኪ ነው፤ ሳምንቱን መግፋት ማለት ነው፤ ርካሽ ስለ ሆነ ደመወዝ እስኪደርስ ቤቱን ያቆያል። እኛም በበኩላችን ብዙ ሐበሾች ከሚኖሩበት ከኢስትሊ ሰፈር እንጀራ እየገዛን ወጥ አቀመስናት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቋንቋ ያልቻሉ ያገራችን እናቶች ሐኪም ቤት ሲሄዱ «አብረሽን ሂጂ» ይሏት ጀመር። ደመወዝ የለውም፤ ነገር ግን ጠዋት ተነሥታ የምትሄድበት፣ በስሟ የምትጠራበት ቦታ አገኘች።

ሁሉ ተስተካከለ አንላችሁም። ስንመለስ አብረዋት የነበሩት ነርሶች በዕድገት ቀድመዋት ነበር። ያ የሁለት ዓመት ዋጋ ነው፤ የከፈለችውም እሷ ናት። የሥራው ፍሬ ሲቆጠር ይህም አብሮ ሊቆጠር ይገባል።

ስለዚህ ለምትሄዱ ሁሉ፦ ሻንጣችሁን በመጀመሪያው ሳምንት ፍቱ። ጊዜያዊ ኑሮም ኑሮ ነው። አብሯችሁ የሚሄደው ሰው መሥራት ይችል እንደ ሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚሆንም እዚሁ ተስማሙ።

ለምትልኩ ምእመናንና ለቢሮ ኃላፊዎች፦ ስትደውሉም ስትጽፉም «ሥራው እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ። «አንቺስ ቀኑን እንዴት ትውያለሽ?» በሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቁን ሰዎች ሁለት ነበሩ። ሁለቱንም እስከ ዛሬ አንረሳቸውም።