የናፍጣ ሞተር ትንፋሽ እንዳያጥረው
(በሬዲዮ የተነገረ)



ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታችሁ ወደየመሥሪያ ቤታችሁ የምትገሠግሡ ሠራተኞች ቍጥራችሁ ብዙ ነው። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሲሆኑ፥ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የከበደው የመንግሥት ሠራተኛ መጠጊያ ከሆኑ ሰንብተዋል። ነገር ግን እዚያ የሚኖር ሰው ቢሮው የሚገባበትን ሰዓት የሚወስነው የራሱ ትጋት ብቻ አይደለም፤ የተሳፈረበት መኪና ሞተር ጭምር ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ ከዓይን ተሰውሮ ብዙ ጣጣ ስለሚያመጣ አንድ ነገር፥ ይኸውም በናፍጣ ሞተር የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ውስጥ ስለሚጠራቀመው ጥላሸትና ቅባት ላወራችሁ አስቤአለሁ።

እኔም የቡራዩ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ዳገት ላይ ጥቍር ጢስ እየተፋ ጕልበቱ ከዳው። ተሳፋሪዎቹ ሁላችን ወርደን ዳገቱን በእግራችን ወጣነው፤ ቢሮዬም አንድ ሰዓት ዘግይቼ ደረስሁ። አለቃዬ ምክንያቴን ሰምተው፥ «ዛሬ ደግሞ ሞተሩ ታመመ ሊሉኝ ነው?» አሉኝ። እውነቱን ተናግሬ እንደ ዋሸ ሰው አፈርሁ።

ሾፌሩን በየዕለቱ ስለማውቀው በማግሥቱ ጠየቅሁት። ፖምፓው ይለወጥ ስለ ተባለ፥ ለልጆቹ ትምህርት ያሰበውን የዕቁብ ገንዘብ ለዚያ ሊያውለው መሆኑን አጫወተኝ። ደግነቱ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መኪናውን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰደው፤ ቅዳሜ ስለ ነበር እኔም አብሬ ሄድሁ። ሽማግሌው ሞተሩን ጥቂት አዳመጡና፥ «ልጄ፥ ጕሮሮው ለታነቀ ሰው ሆዱን ይቀዱለታልን? አስቀድመን አየር መሳቢያውን እንይ» አሉ። ማኒፎልዱ ሲወርድ ሁለት ጣት በደኅና ሊያስገባ የሚገባው ቀዳዳ ጥቍርና ወፍራም በሆነ፥ ሬንጅ በሚመስል ዝቃጭ ተሞልቶ ትንሿን ጣት እንኳ የማያስገባ ሆኖ አገኘነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል የፈጠራ መብት ለማግኘት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ዓ.ም. አመልክቶ በ1897 ዓ.ም. በሚገባ የሚሠራ ሞተር ያሳየበት ዘዴ፥ አየርን እጅግ አምቆ በማጋል ናፍጣውን ያለ ካንዴላ ብልጭታ ማቀጣጠል ነው። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ዋነኛ ምግቡ አየር ነው። አየር ያነሰው እንደ ሆነ ናፍጣውን አቃጥሎ መጨረስ አይችልም፤ የተረፈውም ጥላሸት ይሆናል። እኛ ደግሞ የምንኖረው በደጋ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ በእንጦጦ ጋራ ማዶ ያለችው ሱሉልታ ደግሞ ከዚህም ትበልጣለች። እንግዲህ በዚህ አገር የሚሠራ ሞተር፥ በተለይም ቱርቦ የሌለው፥ ጤነኛ ሳለ እንኳ ትንፋሹ አጭር ነው ማለት ነው።

በማርሚታ በኩል መውጣት የሚገባው ጥላሸት በአየር መግቢያው በኩል መገኘቱ ያስገርም ይሆናል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ በብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ሞተሮች ላይ ከጭሱ ጥቂቱን ወደ አየር መግቢያው የሚመልስ ኢ.ጂ.አር. የሚባል ባልቦላ መኖሩ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልተሠራም፤ የቃጠሎውን ሙቀት አብርዶ ለሳንባ ጠንቅ የሆኑትን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞች ይቀንሳል። ሁለተኛው፥ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው የዘይት እንፋሎት በመተንፈሻ ቧንቧ ወደዚያው መግባቱ ነው። ደረቁ ጥላሸት ከዘይቱ ጋራ ሲገናኝ ተለውሶ እንደ ጭቃ ይለጠፋል፤ መንገዱም በጠበበ መጠን ጥላሸቱ ይበዛል፤ ጥላሸቱም በበዛ መጠን መንገዱ ይብስ ይጠባል።

ምልክቶቹ እነሆ፦ መኪናው በዳገት ይደክማል፤ ጥቍር ጢስ ይተፋል፤ ናፍጣ ያበዛል፤ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። እነዚህ ምልክቶች ከሌላ ብልሽትም ሊመጡ ስለሚችሉ፥ አስቀድሞ የአየር ፊልትሮውን መመልከት ይገባል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ምልክቱ ካልጠፋ ግን ማኒፎልዱን ከፍቶ ማየት ለመካኒኩ የእጅ ዋጋ ቢያስከፍልም፥ ያለ ፍርድ ፖምፓ ከመለወጥ እጅግ ይረክሳል።

የማጽዳቱ ሥራ እንዲህ ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘና የባትሪው ገመድ ከተነቀለ በኋላ፥ ቧንቧዎቹና የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ቦታቸው እየተመለከተ ይፈታሉ፤ ማኒፎልዱም ይወርዳል። ወዲያውኑ በቴስታታው ላይ የቀሩት ክፍት ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናሉ። በዚያ የገባች አንዲት ብሎን ወይም ደረቅ ፍርፋሪ ባልቦላንና ፒስቶንን ልትሰብር ትችላለችና። የወረደው ማኒፎልድ በነጭ ጋዝ ተነክሮ ያድራል፤ በማግሥቱ ዝቃጩ በእንጨት መፋቂያና በብሩሽ ይነሣል፤ ቀጥሎም በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። በቤንዚን ማጠብ እሳት መጥራት ስለ ሆነ ፈጽሞ አይገባም። ኮስቲክ ሶዳም ብዙ ማኒፎልዶች የተሠሩበትን አሉሚኒየም ስለሚበላ የተከለከለ ነው። ዕቃው ከታጠበ በኋላ በኮምፕሬሰር አየር ተነፍቶ ውስጡ ፍጹም መድረቅ አለበት። ሲመለስም አዲስ ጋስኬት ይደረግለታል፤ ብሎኖቹም ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፥ ፋብሪካው በወሰነው መጠን ይጠብቃሉ።

አንዳንድ ሰዎች ድካሙን ሽተው ሞተሩ እየሠራ ሳለ በአየር መግቢያው ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ይረጫሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። የናፍጣ ሞተር በዚያ በኩል ነዳጅ ካገኘ ቍልፉ ቢዘጋ እንኳ አይጠፋም፤ ፍጥነቱ እየናረ ሄዶ ራሱን ሊሰባብር ይችላል። ሌሎችም የኢ.ጂ.አሩን መንገድ በቆርቆሮ ይደፍኑታል። ይህ ማኒፎልዱን ከጥላሸት ቢያድንም፥ መርዙን በመንገድ ዳር ለሚሄዱት ልጆቻችን ማከፋፈል ነው፤ መፍትሔው ባልቦላውን አብሮ ማጽዳት ነው። እንዲሁም የቱርቦውን ዘይት ማፍሰስና የመተንፈሻ ቧንቧውን ሳይመረምሩ ማጽዳት ብቻውን ዘላቂ አይሆንም፤ ምንጩ ሳይደፈን ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

ስለ ሠራተኛው ጤናም አንድ ቃል ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጭስ ለሰው ካንሰር አምጪ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ጥላሸቱን ደረቁን እያቦነኑ መፋቅ አይገባም፤ ጓንት፥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፥ የዓይን መከለያም ያስፈልጋል። እጣቢውም በዕቃ ተጠራቅሞ ለብቻው ይወገድ እንጂ ወደ ወንዝ አይደፋ። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚሰጡት አንዱ የገፈርሳ ግድብ በቡራዩ በኩል የሚገኝ መሆኑን አንርሳ።

አድማጮቼ ሆይ፥ ምናልባት፥ «እኛ መካኒኮች አይደለንም፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችሁ የመሥሪያ ቤት መኪና ስምሪት የምትመሩ፥ የጥገና ወጪም በፊርማችሁ የምታጸድቁ አላችሁ። ወረቀቱ ፖምፓ ይገዛ ብሎ ሲቀርብላችሁ፥ «የአየር መንገዱ ታይቷልን?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በዚህ ጊዜ በእጃችን ያለውን መኪና በጤና ማቆየት የቤተሰብም የመንግሥትም ቍጠባ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ያ ሚኒባስ በማግሥቱ ማኒፎልዱ ታጥቦ ተገጠመለት፤ ሰኞ ጧት ዳገቱን ሳይቆም ወጣው። የዕቁቡም ገንዘብ ለታሰበለት ለልጆቹ ትምህርት ዋለ። እኔም በሰዓቴ ገብቼ ከወንበሬ ስቀመጥ፥ አለቃዬ በበሩ ብቅ ብለው፥ «ለመሆኑ ሕመምተኛው እንዴት ሆነ?» አሉኝ። «ተሽሎታል፤ መተንፈስ ጀምሯል» አልኋቸው።