ከሹራቡ ጋር መርፌውንም እንስጥ

(ለየቲም ቤተሰቦችና ለለጋሾች በመርሳ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም።



ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች የተሰባሰባችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ መርሳ ሞቃት ብትሆንም ከወልድያ በላይ ባለው ደጋ ብርዱ ብርቱ ነው። ለየቲሞች ሹራብ ገዝታችሁ አልብሳችኋል፤ አላህ ይቀበላችሁ። ሆኖም ልጅ ያድጋል፤ ሹራቡም ይጠብበዋል። ስለዚህ ከሹራቡ ጋር መርፌውንም እንስጥ እንላለን።

ሙያው ለሙስሊሞች ባዕድ አይደለም። በእስልምና ዘመን ግብፅ ውስጥ ከነጭና ከሰማያዊ የጥጥ ክር የተሠሩ የእግር ሹራቦች ዛሬም በሙዚየም ይገኛሉ።

እኛም ይህን ሥራ በሃምሳዎቹ ዕድሜያችን፣ ከልጆቹ ጋር በአንድ ምንጣፍ ተቀምጠን ጀመርን። ለጀማሪ ሁለት ወፈር ያሉ መርፌዎችና ፈካ ያለ ክር ይበቃሉ፤ ጥቁር ክር ቀለበቱን ይሰውራል። በመጀመሪያ በግራው መርፌ ላይ 20 ቀለበት እንሰካለን። ቀጥሎ ክሩን ከኋላ አድርገን የቀኙን መርፌ ከፊት ወደ ኋላ በቀለበቱ እናስገባለን፤ ክሩን ጠምጥመን አዲሱን ቀለበት ስበን እናወጣና አሮጌውን ከግራው መርፌ እንለቃለን። ይህ የፊት አሠራር ነው። የጀርባው ግልባጩ ነው፤ ክሩ ከፊት ይሆናል፣ መርፌውም ከኋላ ወደ ፊት ይገባል። ረድፉን ሁሉ በፊት አሠራር ብንሠራ ጠርዙ የማይጠቀለል የአንገት ልብስ እናገኛለን፤ ሁለቱን በየረድፉ ብናፈራርቅ ልሙጡ የሹራብ ገጽ ይወጣል።

በሦስተኛው ቀን ከእኛ ሥራ አንድ ቀለበት አምልጦ እንደ መሰላል ወደ ታች ተተረተረ። አጠገባችን የነበረች ልጅ፣ «ኡስታዝ፣ ረድፉ ባለቀ ቁጥር ይቁጠሩ እንጂ» አለችን። እውነቷን ነው። 19 ከሆነ ሳይርቅ ይፈለጋል። ከቂርአት የቀረ የቲምም በዕለቱ ካልተጠየቀ እየራቀ ይሄዳል።

አንድ አደራ አለን። ሱረቱ አን-ኒሳእ አሳዳጊዎች የቲሞችን እንዲፈትኑ፣ ብስለት ሲያዩባቸውም ገንዘባቸውን እንዲያስረክቡ ታዛለች። ስለሆነም ከተሸጠው ሹራብ የሚገኘው ገንዘብ በልጁ ስም ይመዝገብ፤ ሥራውም የትምህርትና የቂርአት ሰዓት አይሻማ። በእርዳታ ስም የቲሙን ሠራተኛ ካደረግነው፣ ሐቁን በላን ማለት ነው።

እንግዲህ ለጋሹ የአንድ ልጅ መርፌና ክር ይስጥ፤ ሙያው ያላት እናት ደግሞ በሳምንት አንድ ከሰዓት ትስጥ። አላህ የየቲምን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።