ፊሽካው ከተነፋ በኋላ

የክፍል ለክፍል ውድድራችሁ ሊጀመር ስለሆነ እስቲ ስለ ጨዋታ እንጫወት።

ልጅ ሳላችሁ ሰፈር ውስጥ በጨርቅ ኳስ ስትጫወቱ ማን ማንን እንዳሸነፈ ታስታውሳላችሁ? አብዛኞቻችሁ አታስታውሱም። ጨዋታው ግን ዛሬም ትዝ ይላችኋል። ማሊያ ለብሰን፣ ደጋፊ ሲከበን ነገሩ ይለወጣል። ኳስ ሲመጣልን «ብስትስ? ምን ይሉኛል?» እንላለን። ያኔ ትከሻችን ይወጠራል፣ ትንፋሻችን ያጥራል፣ እግራችን የለመደውን እንኳ እንቢ ይላል። ስንሸነፍ ደግሞ በረኛው ላይ እንጮሃለን። አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ሜዳ መምጣት ያቆመ ስንት ጎበዝ ልጅ አለ!

«ታዲያ ለማሸነፍ አንጫወት ነው የምትለን?» ትሉኝ ይሆናል። የለም! ለማሸነፍ ተዘጋጁ፤ ልምምድ ላይ ልፉ። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ግን ውጤቱን ተዉት። ውጤት በእናንተ እጅ ብቻ አይደለም፤ ተጋጣሚ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ዕድልም አለ። በእጃችሁ ያለው የሚቀጥለው ኳስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በሴቶች 10 ሺህ ሜትር የሆነውን ስሙ። ደራርቱ ቱሉና ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ሌሎቹን ጥለው ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ኤላና ስትመራ ቆየች፤ መጨረሻ ላይ ግን ደራርቱ አፈትልካ ወጥታ ወርቁን ወሰደች። ኤላና አንገቷን ደፍታ ልትሄድ ትችል ነበር። እሷ ግን ከደራርቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን ዞረች። ሁለቱም ያላቸውን ሰጥተው ሮጠዋል፤ ሁለቱም አብረው ተደሰቱ።

እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያንም ተመልከቱ። ፊት ሆነው ለሽልማት የሚሮጡት ጥቂት ናቸው። ከኋላ ያለው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አንደኛ እንደማይወጣ እያወቀ፣ እየዘፈነና እየጨፈረ ይሮጣል።

እናንተስ? ወደ ሜዳ ስትገቡ «ዛሬ ቶሎ ቶሎ እቀባበላለሁ» የሚል አንድ ሥራ ለራሳችሁ ስጡ። ጓደኛችሁ ሲስት «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» በሉ። ጨዋታው ሲያልቅም ስለ ጎሉ ብዛት ከማውራታችሁ በፊት «የቱ ጋ ደስ አለህ?» ተባባሉ። የተሸነፈው ቡድን በማግስቱ ኳሱን ይዞ ሜዳ ከተገኘ፣ ጨዋታ ገብቶታል ማለት ነው።

መልካም ጨዋታ!