በካርኑስቲ የመጨረሻው ጉድጓድ



የጎልፍ ጨዋታ ሕግ በአጭር ቃል ሲነገር፥ ኳሲቱን ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ ድረስ በጥቂት ምት ማድረስ ነው። ጉድጓዶቹ 18 ናቸው፤ ድምሩ ያነሰለት ያሸንፋል። በመጀመሪያው ጉድጓድ የተመታውም ሆነ በመጨረሻው የተመታው በመዝገብ ላይ እኩል አንድ ተብሎ ይቈጠራል። ዳሩ ግን የመጨረሻውን የሚመታው ሰው ምን ያህል እንደ ቀረው አውቆ ይመታል፤ እጁንም የሚያከብድበት ይህ ዕውቀት ነው። ፈተና ሊያበቃ ሩብ ሰዓት ሲቀር የተማሪዎችን ፊት የተመለከተ መምህር ይህን ለመረዳት ጎልፍ መጫወት አያስፈልገውም።

በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ በካርኑስቲ ከተማ ያለው ሜዳ በመጨረሻዎቹ ሦስት ጉድጓዶቹ የሚፈራ ነው። ባሪ የተባለ ጠባብ ጅረት፥ ዳሩ በድንጋይ የተገነባ፥ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ በዚያ ያልፋል። 17ኛው ጅረቱ ስለ ዞረበት «ደሴት» ይባላል። 18ኛው 487 ያርድ ርዝመት በነበረው ጊዜ ለብርቱ ተጫዋች የተወሰነለት አራት ምት ነበር።

ሐምሌ 11 ቀን 1991 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999፥ ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ «ኦፕን» የተባለውን የብሪታንያ ታላቅ ውድድር በሦስት ምት እየመራ ከ18ኛው መነሻ ላይ ቆመ። ከአርኖ ማሲ በኋላ፥ ማለት ከ1907 ወዲህ፥ ይህን ዋንጫ የወሰደ ፈረንሳዊ አልነበረም። በስድስት ምት ቢጨርስ እንኳ ድሉ የእርሱ ነበር። እርሱ ግን ረዥሙን ዱላ አነሣ። ኳሲቱ ወደ ቀኝ ብትስትም ከውኃው ድና በደረቅ መሬት አረፈች።

ብዙዎች በዚህ ምት ይወቅሱታል፤ ወቀሳው በሁለተኛው ላይ ቢሆን ይሻላል። ዕድል አንድ ጊዜ ምራዋለችና፥ ኳሲቱን ከጅረቱ ወዲህ በአጭሩ አስጠግቶ በኋላ መሻገር ይችል ነበር። እርሱ ግን በአንድ ምት ሊሻገር ፈለገ። ኳሲቱም የተመልካቾችን ሰገነት ብረት መታች፤ ከዚያ ተመልሳ የጅረቱን ድንጋይ ነካችና ወደ ኋላ ተወርውራ በረዥም ሣር ውስጥ ወደቀች። በሰገነቱ ውስጥ ብትቀር ኖሮ ሕጉ ያለ ቅጣት አውጥቶ እንዲጫወት ይፈቅድለት ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ ነው ማለት አይገባም።

ሦስተኛው ምት ኳሲቱን ከጅረቱ ውስጥ ጣላት። ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ፥ ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ ውኃው ወረደ፤ ዓለም የሚያስታውሰው ይህን ሥዕል ነው። ጥቂት ከተመለከተ በኋላ ከውኃ ውስጥ መምታቱን ትቶ የአንድ ምት ቅጣት ተቀበለ፤ በዚያ ጉድጓድ ላይ ከቈረጣቸው ፍርዶች ሁሉ ይህ ሳይሻል አይቀርም። አምስተኛው ከአሸዋ ገባ፤ ስድስተኛው ከአሸዋው ወጣ። ሁለት ሜትር ያህል የቀረውን ሰባተኛውን ቢስት ኖሮ ሁሉ ነገር በዚያው ያበቃ ነበር። አልሳተም። ከዚያ ሁሉ መዋረድ በኋላ እጁ ሳይንቀጠቀጥ የተመታችው ይህች ምት የሚገባትን ምስጋና አላገኘችም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደዚያው ጉድጓድ ተመልሶ፥ ኳስ በሣር ላይ ለማንከባለል በተሠራችው አጭር ዱላ ብቻ ተጫወተ፤ በሦስተኛው ሙከራም በስድስት ምት ጨረሰ።

በ2007 አየርላንዳዊው ፓድሬግ ሃሪንግተን በዚሁ 18ኛ ጉድጓድ ኳሱን ሁለት ጊዜ በጅረቱ ውስጥ ጥሎ በስድስት ምት ወጣ፤ ከስፔናዊው ሰርሂዮ ጋርሲያ ጋር እኩል ሆኖ በማለያያው አሸነፈ። ስለ እርሱ ውኃ ብዙ የሚያወራ የለም።

በ1999 ያሸነፈውም ሰው ቢሆን በሚገባ አይነሣም፤ የተሸናፊው ባዶ እግር ጋርዶታል። ይህ ሰው የአበርዲን ተወላጅ የሆነው ፖል ሎሪ ነው። የመጨረሻውን ቀን ሲጀምር ከመሪው በዐሥር ምት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ በ67 ምት ጨርሶ ከቫን ደ ቬልድና ከአሜሪካዊው ጀስቲን ሌናርድ ጋር እኩል ሆነ። ማለያያው አራት ጉድጓድ ነበር። በዚያው ምሽት፥ በዚያው 18ኛ ጉድጓድ፥ ያው ጅረት በፊቱ ሳለ፥ የሎሪ ሁለተኛ ምት ውኃውን ተሻግራ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆመች፤ በሦስት ምትም ጨረሰ።