ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም

እሷ፦ የክረምት ጠዋት ነው። ያረጀ ዲኤክስ ኮሮላ፤ ሞተሪኖው እንደ ጉድ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አልነሳ ብሏል። ሰፈሩ ተሰብስቦ «ባትሪ ነው!» ይላል።

እሱ፦ ባትሪው ቢደክም መች እንዲህ ያዞር ነበር? መጀመሪያ እሳት መኖሩ ይታይ። አንድ ካንዴላ ፈትቶ፣ ከገመዱ አገናኝቶ፣ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነክቶ ማስዞር ነው።

እሷ፦ በእጅ ይዞ?

እሱ፦ ኧረ በጭራሽ! እጀታው ፕላስቲክ በለበሰ ፒንሳ። ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

እሷ፦ ብልጭታ ከሌለስ?

እሱ፦ በዝናብ ጊዜ ቀድሜ የምጠረጥረው የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ነው። ውስጡ እርጥበት ይይዛል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ከዚያ ፑንቲናው ይታያል።

እሷ፦ ብልጭታ ካለስ?

እሱ፦ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ ፖምፓውንና ማጣሪያውን ማየት ነው። ከራሰ ቤንዚን በዝቶበታል።

እሷ፦ «እንግፋው» ባዮቹስ?

እሱ፦ ሞተሪኖው እየሠራ? ትርፉ ድካም!